መስመርም ትምህርት ነው? ልጆች ሥዕልን ከነቃላቱ የሚማሩበት ምክንያት

ባለፈው ሳምንት ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ሦስተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ አጭር ነበር፦ «አራት ዓይነት መስመሮችን ሥሩና ስማቸውን ጻፉ።» እናቷ አየችውና ግራ ገባት። «ይሄ የሥዕል ትምህርት አይደል እንዴ? መስመር ምን ያደርግላታል? አበባ፣ ቤት፣ ዛፍ አያስሏቸውም?» አለችኝ።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ይዞ መጥቷል። ሙዚቃው፣ ውዝዋዜው፣ ድራማውና ሥዕሉ አብረው ያሉበት ነው። ብዙ ወላጅ የሚገረመው በሥዕሉ ክፍል ነው። ልጁ ሥዕል ይዞ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ቃላት ይዞ ይመጣል። «ሰያፍ መስመር»፣ «ምጥጥን»፣ «የአድማስ መስመር»። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ሥዕል ማሣል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጎረቤቶቼም ይህንኑ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሥዕል ተሰጥኦ አይደለም እንዴ?

ተሰጥኦ አለ፤ አልክድም። ግን አንድ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው «የንባብ ተሰጥኦ የለውም» ብለን አንተወውም። ቁጭ አድርገን ፊደል እንደገና እናስቆጥረዋለን። ሥዕል ላይ ስንደርስ ግን ቶሎ እንፈርዳለን። «እጁ አይታዘዝለትም» እንላለን፤ በዚያው ያበቃል።

ለመሣል ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ማየት ነው፤ ሌላው እጅን ማዘዝ። ሁለቱም በልምምድ ይመጣሉ። ማየትን የሚያስለምደው ደግሞ በአብዛኛው ቃል ነው። ከብት አርቢን አስቡት። ለከተማ ሰው የመጣው ሁሉ በሬ ነው። ለእሱ ግን አንዱ ቦራ ነው፣ አንዱ ዳልቻ፣ አንዱ ወይኖ። ዓይኑ ከእኛ ዓይን የተለየ ሆኖ አይደለም። ስም ስላለው ልዩነቱን ያየዋል። ልጅም «ሰያፍ» የሚለውን ቃል ካወቀ በኋላ የቤት ጣሪያ፣ የተደገፈ መሰላል፣ የባጃጅ መስታወት ሰያፍ መሆኑን ማየት ይጀምራል። ከዚያ በፊትም ሰያፍ ነበሩ። እሱ ግን አላያቸውም።

ደግሞም ልጆቹ ከባዶ አይነሱም። ፊደል የሚጽፍ ልጅ መስመር መሥራት ጀምሯል። «በ»ን ሲጽፍ ከላይ አንድ አግድም መስመር፣ ከሥሩ ሁለት ቁም መስመሮች ያወርዳል። «ለ» ላይ ሰያፍ አለ። «ዐ» ክብ ናት። የእህቴን ልጅ የቤት ሥራ የጨረስነውም በዚሁ መንገድ ነው። የራሷን ስም በትልቁ ጻፈች፤ ከዚያ መስመሮቹን ከስሟ ውስጥ ለቀመች። አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። እናቷ ዝም ብላ ስታየን ቆይታ «ፊደልም ሥዕል ነው በለኛ» አለች። አዎ፣ ነው።

ለመሆኑ ቃላቱ ምን ምን ናቸው?

ከሁሉም በፊት ንድፍ ይመጣል። ብዙ ሰው ንድፍን «ያላለቀ ሥዕል» አድርጎ ያየዋል። ቃሉ ራሱ ግን ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። «ነደፈ» የሚለው ግስ ለጥጥም ያገለግላል። ጥጥ ከመፈተሉ በፊት በደጋን ይነደፋል፤ ተፍታትቶ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶ ልብስ አይደለም። ግን ሳይነደፍ የተፈተለ ጥጥ ጓጉሎ ይቀራል። የእርሳስ ንድፍም ሐሳብን ማፍታታት ነው። ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ መሳሳት ይፈቀድበታል። ይህን ያልተነገረው ልጅ የመጀመሪያዋን መስመር የመጨረሻ ያደርጋታል። እርሳሱን አጥብቆ ይጫናል። ሲሳሳት በላጲስ ይፈገፍጋል፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከዚያ ያለቅሳል። ቅዳሜ ጠዋት ያየሁት ለቅሶ ሁሉ ማለት ይቻላል መነሻው ይህ ነው።

መስመር የነጥብ ጉዞ ነው። ጠመኔውን ሰሌዳ ላይ ስታሳርፉት ነጥብ ይሆናል፤ ስትጎትቱት መስመር። ቁም፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ጥምዝ እና ዚግዛግ አለ። ወፍራምና ቀጭን፣ ደማቅና ፈዛዛም አለ።

ቅርጽ መስመሩ ዞሮ ከራሱ ጋር ሲገጥም የሚፈጠረው ነው። እዚህ ላይ ልጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እንጀራም ክብ ነው እንላለን፣ ብርቱካንም ክብ ነው እንላለን። እንጀራው ጠፍጣፋ ነው። ብርቱካኑ ግን ከየትም ቢያዩት ይድቦለቦላል፤ ትክክለኛ ስሙ ሉል ነው። ወረቀት ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ሉልን ወረቀት ላይ ሉል ለማስመሰል ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ሸካራነትና ልስላሴ የነገሩ ገጽ ስሜት ነው። ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማሠራት ነው። ሳንቲም ወይም የቅጠል ጀርባ ከወረቀት ሥር አድርጋችሁ እርሳሱን ጋደም አድርጎ ይፈግበት። ምልክቱ ሲወጣ የልጁን ፊት እዩት።

ምጥጥን የአንዱ ክፍል መጠን ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። አራስ ልጅ ከራሱ እስከ እግሩ የጭንቅላቱን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። አዋቂ ሰው ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ያህል። ለዚህ ነው ሕፃንን ሣልኩ ብለን ትንሽ ሽማግሌ የምናወጣው፤ ጭንቅላቱን አሳንሰን ነው። ሌላም አለ። ዓይን የሚገኘው ከጭንቅላት ቁመት መሐል አካባቢ ነው። ልጆች ሁሉ፣ ብዙ አዋቂዎችም፣ ግንባር ላይ ይሰቅሉታል። መስታወት አምጥታችሁ በጣት አስለኳቸው። ማንም ሰው መጀመሪያ አያምንም።

እኛ ከተማ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ቅዳሜ የሚመጡት ልጆችም ከሦስቱም ናቸው። መስመር በአፋን ኦሮሞ ሰረራ ነው፣ በሶማሊኛ ሐሪቅ። ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ልጆቹ ቃሉን አንዱ ለሌላው ያስተምራሉ። አንድ ልጅ ቃሉን በእናቱ ቋንቋ ካላገኘው ሥዕሉንም የሌላ ሰው ያደርገዋል፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ በጣም እጠነቀቅበታለሁ።

ልጄ የባጃጁን ሦስት ጎማ በአንድ በኩል የደረደረው ለምንድን ነው?

ይህ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። ድሬ ውስጥ ባጃጅ ያልሣለ ልጅ የለም። ትንንሾቹ ባጃጁን ከጎን ይሥሉትና ሦስት ጎማ ይደረድሩለታል። ከጎን ካያችሁት ግን የሚታየው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በሌላው ተሸፍኗል።

ልጁ አልተሳሳተም። የሚያውቀውን ሣለ እንጂ የሚያየውን አልሣለም። ባጃጅ ሦስት እግር እንዳለው ያውቃል፤ አንዱን መተው ለእሱ ውሸት ነው። ቤት ሲሥል ግድግዳው እንደ መስታወት ሆኖ ውስጥ ያለው አልጋና ቴሌቪዥን የሚታየውም ለዚሁ ነው። አልጋ እንዳለ ያውቃላ።

ፍሪማንና ጃኒኩን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት አንድ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ከ5 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ኩባያ አስቀመጡላቸው። እጀታው ወደ ኋላ ዞሮ ስለነበር አይታይም። ከፊት ለፊት ደግሞ አበባ ተስሎበት ነበር። ትንንሾቹ የማይታየውን እጀታ ሣሉት፤ ፊታቸው ያለውን አበባ ተዉት። ትልልቆቹ አበባውን ሣሉ፣ እጀታውን ተዉ። ለትንሹ ልጅ ኩባያን ኩባያ የሚያሰኘው እጀታው ነዋ።

ቤታችሁ ሞክሩት። ጀበና ውሰዱና እጀታውን ከልጁ ሰውሩት። የአምስት ዓመቱ እጀታ ይጨምርለታል። የዘጠኝ ዓመቷ አይታ፣ አስባ፣ ምናልባት ትተወዋለች። ይህን ሳልማር በፊት ትንንሾቹን አርም ነበር። አሁን አላርምም። የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ጎማ ቢሥል ይሣል። አእምሮው ዕቃውን በሙሉ ይዞታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 

ነገሩ የሚለወጠው ዘጠኝና አሥር ዓመት አካባቢ ነው። አሁን ልጁ ራሱ «አይመስልም» ማለት ይጀምራል። ዓይኑ አድጓል፤ እጁ ግን ገና ነው። ሥዕል የሚተዉት ልጆች በብዛት የሚተዉት በዚህ ዕድሜ ነው። ቃላቱና ዘዴዎቹ ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲገቡ አጥብቄ የምፈልገውም ለዚህ ነው። ልጁ «አይመስልም» ሲል ምኑ እንዳልመሰለ የሚናገርበት ቃል በእጁ ይኑረው።

ታዲያ ማየትን እንዴት ያስተምሩታል?

እኔ የተማርኩበት ዘመን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ማንጎ ይሥሉ ነበር፤ እኛ እንገለብጣለን። ከመስኮቱ ውጪ የማንጎ ዛፍ ነበረ። አንድም ቀን ዞረን አላየነውም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያንኑ የሰሌዳ ማንጎ እሥል ነበር። እውነተኛ ማንጎ አንዱ ጎኑ እንደሚያብጥ፣ ጫፉ ትንሽ እንደሚቆለመም ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አሁንም ይቆጨኛል።

ዛሬ ጥሩ መምህራን ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የጉንዳን ጉዞ ነው። ጀበና ከፊት ይቀመጣል። «አንድ ጉንዳን በጀበናው ጠርዝ ላይ እየሄደች ነው። ዓይንህ ጉንዳኗን ይከተል፤ እርሳስህም ዓይንህን ይከተል። ወረቀቱን አትይ።» የሚወጣው ሥዕል የተንጋደደ ነው። ልጆቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ግን መስመሩን ልብ ብላችሁ ስታዩት አንገቱ ላይ ያለውን ስብራት፣ ሆዱ ላይ ያለውን እብጠት ይዞታል። ዓይኑ ሠርቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ሲሣል፣ አሁን ወረቀቱን እያየ፣ ልዩነቱ ያስደንቃል።

ሌላው ከትልቁ ወደ ትንሹ መሄድ ነው። ልጅ ሰው ሲሥል ከዓይን ሽፋሽፍት ይጀምራል። ባጃጅ ሲሥል ከመብራቱ። ከዚያ ቦታ ይጠበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ትልቁን ቅርጽ በፈዛዛ መስመር ያስቀምጥ። ባጃጅ ማለት ፊቱ የተቆረጠ ሳጥን ነው፣ ከሥሩ ክቦች አሉ። ጀበና ማለት ሉል ነው፣ በላዩ ቀጭን ቱቦ ተተክሏል። ፍየል ማለት የተጋደመ በርሜል ነው፣ አራት ዱላ አለው። መብራቱ፣ እጀታውና ቀንዱ በመጨረሻ ይደርሳሉ።

እርሳስ አያያዝም ለውጥ ያመጣል። ለጽሕፈት ጫፉ አጠገብ እንይዛለን። ለንድፍ ግን ራቅ አድርጎ መያዝ ነው። ያን ጊዜ መጫን አይቻልም፤ መስመሩ በራሱ ይፈዛል፣ ክንድም ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ መጀመሪያ «አቦ፣ እንዲህ አይያዝም!» ይላሉ። ሁለት ሳምንት ስጧቸው።

ብርቱካኑ ከወረቀቱ ላይ የሚነሳው እንዴት ነው?

በጥላ። አማርኛ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፤ ጥላ ስንል ብዙ ነገር ነው። ዛፍ ሥር የምንቀመጥበትም ጥላ ነው፣ ለዝናብ የምንይዘውም ጥላ ነው። ለሥዕል ግን ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። አንዱ ዕቃው ራሱ ላይ ያለው ነው፤ ብርሃን ያልደረሰበት ጎኑ። የራስ ጥላ እለዋለሁ። ሌላው ዕቃው ብርሃኑን ጋርዶ መሬት ላይ የሚጥለው ነው። የወደቀ ጥላ እለዋለሁ። የራስ ጥላ የሌለው ብርቱካን እንጀራ ይሆናል። የወደቀ ጥላ የሌለው ብርቱካን ደግሞ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ለዚህ ትምህርት ከድሬ የተሻለ ክፍል የለም። ፀሐያችን ጠንካራ ናት፤ ጥላውም ቁርጥ ያለ ነው። ልጆቹን ጠዋት ግቢ ውስጥ አቁማችሁ ጥላቸውን በጠመኔ ይከቡ። ቀትር ላይ እዚያው ቦታ ይቁሙ። ረጅሙ ጥላ እግራቸው ሥር ገብቷል። ጭራሽ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ማለቂያና ነሐሴ 22 አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። ያን ሰዓት የቆመ ዘንግ ወደየትም ጥላ አይጥልም ማለት ይቻላል። ይህ የሚሆነው ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ነው። የሥዕል ክፍለ ጊዜው ሳያስቡት ሳይንስ ሆነ።

ወረቀት ላይስ ጥላ እንዴት ይሰጣል? ነጠላና ጋቢን አስቡ። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ይጨልማል። ጥሬ ዕቃው አንድ ነው፣ የተለወጠው መደራረቡ ነው። እርሳስም እንዲሁ። ትይዩ መስመሮችን አራርቆ ማስመር ፈዛዛ ጥላ ይሰጣል። ማቀራረብ ያጠቁራል። በላያቸው በሌላ አቅጣጫ ቢያስመሩና ጥልፍልፍ ቢያደርጉት የበለጠ ይጨልማል። አጥብቆ መጫን አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ አምስት ትንንሽ ሳጥኖችን በተርታ ሠርታ ከነጭ እስከ ጥቁር ደረጃ በደረጃ ሞላቻቸው። ይህ የጥቁረት ደረጃ ይባላል። ከዚያ ብርቱካኑን ስትሥል «ይሄ ጋ ሦስተኛው ነው፣ ይሄ ጋ አምስተኛው» እያለች ነበር።

ሩቅ ያለው ለምን ያንሳል?

የድሮው ምድር ባቡር ለዚህ መልስ አለው። ከተማችንን የፈጠራት እሱ ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሁለቱ ሐዲዶች የሚራራቁት አንድ ሜትር ነው። እስከ ጅቡቲ ድረስ አንድ ሜትር ነው። ዓይናችን ግን ሩቅ ቦታ ላይ ሲገጥሙ ያያል። ሲገጥሙ የሚታዩበት ነጥብ የሚያርፈው የአድማስ መስመር ላይ ነው። የአድማስ መስመር ደግሞ ሁልጊዜ በዓይናችን ከፍታ ላይ ነው። ቁጭ ብትሉ አብሮ ይወርዳል፣ ፎቅ ብትወጡ አብሮ ይወጣል።

ከዚራ ወደሚባለው የከተማችን ሰፈር መሄድ ይበቃል። ቀጥ ባለው ጎዳና መሐል በዓይነ ሕሊናችሁ ቁሙ፣ በእግራችሁ ግን ጠርዙ ላይ። በሁለት ወገን የተሰለፉት ዛፎች አናታቸው ወደ ታች፣ ሥራቸው ወደ ላይ እየሄደ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ። መጋላ በሚባለው ሌላው ሰፈር ውስጥ ግን መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ይህን በቀላሉ አታገኙትም። 

ይህ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ነገር ነው። ለትንንሾቹ ሦስት ነገር ይበቃቸዋል። ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን ይሸፍናል። ቅርብ ያለው ይተልቃል። ቅርብ ያለው ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ይቀመጣል። ሦስተኛውን የባጃጅ ጎማ የሚያስጥለውም የመጀመሪያው ነው።

«ያምራል» ማለት ምን ችግር አለው?

ክፋት የለውም። ግን ወሬውን ይዘጋዋል። ልጁ ምኑ እንዳማረ አያውቅም፤ ስለዚህ አይደግመውም። «አያምርም» ደግሞ ልቡን ይዘጋዋል። እኛ አዋቂዎች ለልጅ ሥዕል ያለን ቃል እነዚህ ሁለት ብቻ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጀበና ስትሥል እርሳሷን ወረወረች። «አቦ፣ እኔ አልችልም!» የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ አልኳት። ዝም ብላ አየችው። «አንገቱ ከሆዱ በለጠብኝ።» ነገሩ አለቀ። «አልችልም» መፍትሔ የለውም። «አንገቱ ከሆዱ በለጠብኝ» ግን የምጥጥን ጉዳይ ነው፤ ይለካል። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ክንዷን ዘርግታ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቷ የአንገቱን ቁመት ለካች። ሆዱ ላይ ስታስጠጋው አንገቱ አነሰ። አስተካከለችው።

ስለዚህ ስታዩ ያያችሁትን ንገሩት። «መስመሩን እዚህ ጋ አወፍረኸዋል፤ ለምን?» «ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?» በልጁ ወረቀት ላይ ግን አትሣሉበት። ማሳየት ካስፈለጋችሁ ሌላ ቁራጭ ወረቀት ውሰዱ።

ከስልክ ላይ መገልበጥስ የሚሉኝ አሉ። እጅ ያለማምዳል፤ አልከለክልም። ነገር ግን ከባዱን ሥራ ስልኩ ጨርሶታል። ድቡልቡሉን ዓለም ጠፍጣፋ ያደረገው ካሜራው ነው፤ ልጁ የሚማረው ደግሞ ይህንኑ ራሱ ማድረግን ነበር።

ዕቃው ውድ አይደለም?

እርሳስ፣ መቅረጫና የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ይበቃል። እግረ መንገዴን፦ እርሳስ የምንለው ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ግራፋይት ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ ነው። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ይፈዛል። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ላዩ ላይ ኤች ቢ የሚለው መካከለኛው ነው፤ ሁለት ቢ የሚለው ለጥላ ይመቻል። ልጅ ቢልሰው የእርሳስ መርዝ አለበት ብላችሁ አትደንግጡ፤ መላሱን ግን ይተው።

እሱም ከጠፋ ከሰል አለ። በትሪ ላይ የተነጠፈ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አለ፤ በጣት ይሣላል፣ በመዳፍ ይጠፋል፣ ላጲስ አይፈልግም። ለመጀመሪያ ክፍል ልጆች ከወረቀት ይልቅ አሸዋውን እመርጣለሁ። መሳሳት አያስፈራቸውም።

ለልጆቹ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ከከተማችን በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጮች አግኝተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ያህል ነው። የሚፈጩበትም ድንጋይ አብሮ ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ነው። እዚሁ አገር፣ ያን ያህል ዘመን በፊት፣ ሰው ቀለም እየፈጨ ነበር። አንዱ ልጅ ይህን ሰምቶ በሳምንቱ ቀይ አፈር በላስቲክ ይዞ መጣ። በውኃ አሽተን ሣልንበት።

ሠዓሊ የማይሆን ልጅስ ምን ይጠቅመዋል?

በሳይንስ ክፍል የአበባን ክፍሎች ይሥላል። በጂኦግራፊ ካርታ ያነብባል። ሂሳብ ላይ ሉልና ሲሊንደር ሲመጡ አይደነግጥም። ብየዳ ቤት ቢገባ፣ ልብስ ቢሰፋ፣ ቤት ቢያሠራ ንድፍ ማንበብ አይቀርለትም።

ሠዓሊ መሆን ለሚፈልገውም መንገዱ ሩቅ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ነው፤ ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ። ጀርመን ተምሮ ተመለሰ፣ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ገጣሚም ነበር። ብዙዎቹ ሥዕሎቹ ቤትና ዛፍ የላቸውም። መስመር፣ ቅርጽና ቀለም ናቸው። እህቴ «መስመር ምን ያደርግላታል?» ስትለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ቤት ከየት እንጀምር?

ከጀበናው። ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በአንድ ወገን መብራት ይምጣለት። መጀመሪያ ልጁ በጣቱ ዙሪያውን ይዳስሰው። ከዚያ ወረቀቱን ሳያይ አንዴ ይሣለው። ከዚያ እያየ አንዴ። እናንተም ጎኑ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ሣሉ፤ ልጅ ብቻውን ሲፈተን አይወድም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስትጨርሱ ምን እንዳየ ጠይቁት፣ እናንተም ያያችሁትን ንገሩት።

ወረቀቶቹን አትጣሉ። ከጀርባቸው ቀኑን ጻፉና አንድ ክላሰር ውስጥ አስቀምጧቸው። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ጀበና እንደገና ይሣለውና ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስጡት። ያን ጊዜ ማን ምን እንደተለወጠ ቀድሞ እንደሚናገር ታያላችሁ።